ደጄን ሳያንኳኩ ደህንነቴን ለሚመዘግቡልኝ

ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
መካኒሳ አቦ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ

ለተከበሩ አቶ ሙሴ ራጉኤል
የ«ጠያቂ ጎረቤት» የአረጋውያን ድጋፍ ድርጅት፣ የበጎ ፈቃደኞች ምዝገባ፣ ክትትልና ሽልማት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብና መፍራቴን ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባልደረቦችዎና ኮምፒውተሮቻችሁ ጭምር እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ ጤንነታችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስለ ራሴ ጤንነት ለመናገር ግን ሥልጣን የሌለኝ መሆኑን ሰሞኑን ስለተረዳሁ፣ በዚህ ረገድ የሚፈልጉትን መረጃ ከራስዎ መዝገብ እንዲያገኙት በትሕትና አመለክታለሁ።

ስሜ ፀሐይወርቅ ኮርሳ ይባላል። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ፋይል ሳገላብጥ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ በአንዲት ክፍል ቤት ብቻዬን የምኖር፣ የደም ግፊት መድኃኒት የምውጥና አንዳንዴም አዙሮ የሚጥለኝ ሴት ነኝ። ድርጅታችሁ ማክሰኞና ሐሙስ በጎ ፈቃደኛ እየላከ ሊጠይቀኝ ከመዘገበኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን ደብዳቤ በግል ሳይሆን በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በግል የተጻፈ አቤቱታ የት ገብቶ እንደሚቀር ከሥራዬ ጠባይ የተነሣ አሳምሬ ስለማውቅ ነው። ቅሬታዎቼ፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፤ ወጣት ጸደንያን ከበሬ ስላራቃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ይህች ልጅ ከጎፋ ድረስ እየመጣች፣ በሬን አንኳኩታ፣ ገብታ፣ የቀረኝን ኪኒን ቆጥራ፣ የእግሬን ጥፍር ቆርጣ፣ ስለ አከራይዋ ነገረኛነት እያወራች ታስቀኝና አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ትሄድ ነበር። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ግን በጎ ፈቃደኛ የሚመዘነው በጎበኘው ቤት ብዛት እንዲሆን ወስናችኋል። በሳምንት አርባ ቤት ያዳረሰ «የወሩ ኮከብ» ተብሎ ፎቶው በቴሌግራም ገጻችሁ ላይ ይወጣል፤ ለሥራ መፈለጊያ የሚሆን የምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል። ጸደንያ ዘጠኝ ቤት ብቻ ስለሞላች «አፈጻጸሟ ዝቅተኛ ነው» ተብላ ከዝርዝሩ ወጥታለች። ከአንዲት አሮጊት ጋር ተቀምጣ ጊዜዋን ከምታባክን ልጅ ስለገላገላችሁኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ሁለተኛው የካርዱ ጉዳይ ነው። ጠያቂው እንዳይዘገይ በማሰብ የጉብኝት ካርዳችን ከበራችን ውጭ በሲባጎ እንዲንጠለጠል አድርጋችኋል፤ ቀን፣ ፊርማና «የአረጋዊው ሁኔታ» የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉት። ግንቦት 7 ቀን ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ከአልጋዬ ተነሥቼ መቀርቀሪያውን ልከፍት ስሄድ አዞረኝና በጎኔ ወደቅሁ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ያን ሰዓት የግቢያችን ሰው ሁሉ ሥራ ነው የሚውለው። ጉንጬ ሲሚንቶው ላይ እንዳለ በጸደንያ ቦታ የተተካውን የብሩኬን ኮቴ ሰማሁና እግዚአብሔር ደረሰልኝ ብዬ አለቀስኩ። ልጣራ ብሞክር የሚወጣኝ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ጫማው ይታየኛል፤ ክንድ ተኩል ቢርቀኝ ነው። ካርዱ ተገለበጠ፣ እስክሪብቶው ቀጭ አለ፣ ከዚያም ኮቴው ራቀ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ እንደዚያ ኮቴ መራቅ ያስፈራኝ ግን የለም።

ጎረቤቴ ዙሌካ ከሱቋ ስትመለስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ውሃ መጥቶ እኔ በርሜሌን አለማውጣቴን ባትጠረጥርና መቀርቀሪያውን በትከሻዋ ባትሰብረው ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው በሆነ ነበር። ካነሣችኝና ውሃ ካጠጣችኝ በኋላ ካርዱን አነበበችልኝ፤ «ደህና ናቸው። በፈገግታ ተቀብለውናል» ይላል። ወለል ላይ ሆኜ ፈገግ ማለቴን ባላስታውስም፣ እናንተ አየን ካላችሁ ግን፣ ለመልካም አስተያየታችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በብሩኬ ግን አልፈርድም። ሥራ ፈላጊ ነው፤ ከመካኒሳ እስከ ለቡ መብራት ኃይል ሲሮጥ የሚውል ልጅ ነው። እየጠየቀ ሳይሆን እየፈረመ እንዲሮጥ ያስተማረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሦስተኛ፤ በቀጣዩ ሰኞ ቢሮዎ ስደውል ስልኩን ያነሣችው ልጅ ትሕትናዋ ልብ የሚነካ ነበር። «እማማ፣ ሲስተሙ ላይ እኮ ደህና ነበሩ ይላል» አለችኝ። ወድቄ እንደነበር፣ ጎኔ እስካሁን ጠቁሮ እንደሚታይ ስነግራት፣ «እሺ እማማ፣ እንመዘግበዋለን» አለችኝ። ቃሏን አክብራ መዝግባዋለች። የዚያን ሳምንት ሐሙስ በካርዴ ላይ አንድ አዲስ መስመር ተጨምሮ አገኘሁ፤ «የመርሳት ምልክት ይታይባቸዋል» ይላል።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ቀልዴ አልቆብኛል። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ የሠፈረ ነገር በአፍ እንደማይፋቅ አውቃለሁ። በሥራ ዘመኔ ፊቴ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ትቼ ፋይሉን አምኜ የመለስኩት ስንቱን ነው! አሁን የእኔ ተራ ደርሶ፣ ነገ ወደቅሁ ብል፣ አመመኝ ብል፣ ማንም አልመጣም ብል፣ ረስታ ነው ይባላል። ራሴም ራሴን መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ጠዋት ስነቃ የወንድሞቼን ስም ከታላቅ እስከ ታናሽ፣ ቀጥሎም ዕለቱንና ቀኑን ጮክ ብዬ እየጠራሁ ራሴን እፈትናለሁ፤ አንዱ ቶሎ ካልመጣልኝ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። መቀርቀሪያው ከተጠገነ ወዲህ ሰው ሊደርስልኝ እንዲችል በሬን አልቆልፍም፣ ሳልቆልፍ ደግሞ ሌባ እፈራለሁ። ከክፍሌ ጫፍ እስከ ጫፍ ስሄድ እንኳ ብወድቅ የምደበድበው ትሪና ጭልፋ ይዤ ነው የምሄደው። እንዲህ ሆኖ መኖር በእናንተ ሳጥን ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚሞላ አላውቅም።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ካርዱን ወደ ውስጥ አስገቡልኝ፤ መፈረም የፈለገ ገብቶ አይቶኝ ይፈርም። በሬ ይንኳኳ። መልስ ካልሰጠሁ ደግሞ ይገፋ፣ ክፍት ነው። ይህ ከኮከብ ቁጥራችሁ ላይ ጥቂት ቤት የሚያጎድል ከሆነ፣ የጎደለውን በእኔ ስም ሂሳብ አስይዙት።

በመዝገባችሁ ደህና፣ በቤቷ ግን በፍርሃት የምትኖር፣ ፊርማችሁን የምታከብር፣ ኮቴያችሁን ተኝታም ቆማም የምታዳምጥ፣

ትሑት ተጎብኚያችሁ
ፀሐይወርቅ ኮርሳ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ዙሌካ፣ ስላነሡኝ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ወስዳ የምትለጥፍልኝ ዙሌካ፣ ስትወጣ ካርዱን ከበሩ ላይ አውርዳ አሁን አሳየችኝ። ዛሬ ሰኞ ነው፤ የፊታችን ሐሙስ፣ ግንቦት 21 ቀን፣ ከወዲሁ ተፈርሞ አገኘነው። ያን ዕለት ደህና ነኝ ይላል። እንዳላሳፍራችሁ የተቻለኝን አደርጋለሁ።