ሻምበል ደጄ ድረስ መጣ

ዳንግላ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 11

ዛሬ ቆሰበር ከተማ ሄጄ ስንት ዓመት የደበቅሁትን የምስክር ቃል ለዐቃቤ ሕጉ ሰጠሁት። መርማሪ ፖሊስ ሳለሁ አለቃዬ ሻምበል ታፈረ፣ በያዝነው የግድያ ጉዳይ ገዳዩ የራሱ አማች ስለነበር፣ እሱን የሚያጋልጠውን ይህን ቃል በእኔው እጅ ከመዝገቡ አስወጥቶ ንጹሑን ጋሪ ነጂ ሙሉዬን አሳሰረው። ሙሉዬ እስር ቤት ሞተ።

ከሰዓት ስመለስ ሻምበል ከዘራውን ተደግፎ ደጄ ላይ ቆሟል። ወሬው ቀድሞኛል።

«በስተርጅናዬ ታዋርደኛለህ?» አለኝ።

«የሙሉዬ እናት ተንበርክካ ስትለምንህ ምን አልካት?» አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቁጭ በል እንኳ አላልኩትም።

ሙሉዬን ባሳሰረው ወረቀት ላይ ከሱ ፊርማ ሥር የእኔም አለ። አብሬው እስር ቤት ብገባ ግድ የለኝም። ለባለቤቴ ግን ገና አልነገርኳት...