ዓርብ ዕለት የተለቀቀችው ክብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ወንበሬ ዛሬም ሰጠመ። ማንሻውን ስስበው ይወጣል፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። እስከ ምሳ ድረስ አገጬ ከጠረጴዛው እኩል ሆኖ ነው የሠራሁት። ደንበኛው ደግሞ "ዓርማዬ ትንሽ ከፍ ይበል" ብሎ ልኳል። ለስድስተኛ ጊዜ። በዚህ ከቀጠለ ድረ ገጹ ዓርማ ብቻ ይሆናል።

ከምሳ በኋላ ግን... አንድ ኢሜይል። ሦስቴ አነበብኩት። የድረ ገጽ ሠሪዎች ዓመታዊ ጉባኤ። "ተቀብለነዋል፤ አሥር ደቂቃ መድረክ ሰጥተንሻል" ይላል። ለኔ! ድረ ገጽ ላይ ስለምትሽከረከረው ትንሿ ክቤ እንዳወራ!

ጉባኤው የት ነው? እዚያች ከተማ። አባዬ ግድግዳ ላይ ያለችው ከተማ።

አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ምን ሆነሻል፣ ወንበሩ ነው? አለኝ። ወንበሩ ነው አልኩት። እኔ ሳላምን ለሰው ምን ብዬ ልናገር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ለአባዬ ነገርኩት። ፀጉር ቤቱ ገብቼ፣ ደንበኛ እየላጨ ሳለ። ምላጩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ምላጭ ይዞ አይደነግጥም፣ ሙያው ነው። የቷ ከተማ? አለኝ። በአገጬ ወደ ግድግዳው ጠቆምኩት።

ፖስተሩ ከኔ በዕድሜ ይበልጣል። ድልድይ፣ ወንዝ፣ አንድ ረጅም የሰዓት ማማ። ቀለሙ ለቆ ወንዙ ሻይ መስሏል። ከትምህርት ቤት መልስ ባዶ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራ ስሠራ ያንን ድልድይ ስንቴ ተሻግሬዋለሁ። ከማማው ሥር የሚጠብቀኝ ሰው ሁሉ ነበረ። ማን እንደነበር ግን እንጃ።

አባዬ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። ስጦታ ምናምን አልፈልግም፣ ይሄ ፎቶ የተነሳበት ቦታ ላይ ቆመሽ አንድ ፎቶ አንሺልኝ አለ። ደንበኛውም ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ "ለኔም" አለ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

መቀስ መለሰው። እንደገና!

መቀስ ማለት... ስሙን እንኳ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ለውጦቼን ከመለቀቃቸው በፊት የሚያይልኝ ሰው ነው፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ የምንገናኘው በጽሑፍ ብቻ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ የላኩትን ሁሉ ስለሚቆርጥ። ጢማም፣ ኮፍያ የማያወልቅ፣ ምሳውን ብቻውን የሚበላ ወጣት አድርጌ ነው የምስለው።

ክቤ እንኳ ምን አላት? ገጹ ሲያስብ ሰው እንዳይሰለች የምትሽከረከር ብርቱካናማ ክብ ናት። ሥራው ሲያልቅ ትጠፋለች። በቃ። በነጻ ነው የለቀቅኳት፤ ስንት ገጽ ላይ እንደምትሽከረከር እኔም አላውቅም። የሚጠቀምባት ሁሉ አዲስ በለቀቅኩ ቁጥር ጥያቄ ሳያነሳ ይወስዳል።

ለመድረኩ እንድታምርልኝ ብዬ ድንገት ከምትጠፋ ቀስ እያለች እንድትደበዝዝ አደረግኳት። ላኩለት፣ መለሰው። አስተካክዬ ላኩ፣ መለሰው። የዛሬው ሦስተኛው ነው፦ "ማማሯን አየሁ። መጥፋቷን በምን አወቅሽ?"

በዓይኔ ነዋ! በምን ላውቅ ኖሯል? ቆሽቴ አረረ።

ጉባኤው ላይ እመጣለሁ ብሎኛል ደግሞ። ምን ብዬ ነው ዓይኑን የማየው...

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጠዋት አባዬ ፀጉሬን ጫፍ ጫፉን አስተካከለልኝ። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ትንሿን መስታወት ከኋላዬ ያዘ። እኔ ቸኩያለሁ። ተወው አባዬ፣ አምንሃለሁ አልኩት። "እኔ ራሴን አላምንም፣ እዪው" አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ የኋላውን ሳያሳይ ያስነሳው ሰው የለም። አየሁት። ከጆሮዬ ኋላ አንድ ጭራ ቀርታ ነበር፤ እሷንም ቆረጣት።

ቢሮ... እሺ፣ ልጻፈው። በኛ ሙያ አንድ ሕግ አለ፣ ዓርብ ከሰዓት ምንም ነገር አይለቀቅም። ቅዳሜ ማን ይጠግነዋል? አውቃለሁ። ግን እሑድ እሄዳለሁ፣ ለአራተኛ ጊዜ የላኩትን መቀስ ገና አላየውም፣ መድረክ ላይ አሮጌዋን ክብ ይዤ ልቆም ነው?

ለቀቅኳት። ሳትታይ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥር ጊዜም ደብዝዛ ጠፋች። እንዴት እንደምታምር!

አክስቴ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ትላለች። አክስቴ ኮድ ጽፋ አታውቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ደረስኩ!! ታክሲው በድልድዩ በኩል አያልፍም አለኝ። የሆቴሌ መስኮት የሚያሳየው የሌላ ሕንፃ መስኮት ነው፤ እዚያ አንድ ሰውዬ ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። እጅ ነሳኝ። እኔም ነሳሁት። ያም ሆነ ይህ የዚህች ከተማ ሸሚዝ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ከየት ልጀምር...

የጉባኤው አዳራሽ በር ላይ ሰልፍ። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። አምስት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ ታብሌት፣ ስምህን ጽፈህ ባጅ የምትወስድበት። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ሦስት መቶ ባለሙያ ተሰልፎ ሦስት መቶ ምክንያት ይሰጣል። አንዱ ማሽኑ ሞልቶ ነው ይላል፣ ሌላው እኔ በምጠቀምበት የኮድ ቋንቋ ቢሠራ ይህ አይመጣም ነበር ይላል።

አዘጋጇ ማይክ ይዛ ይቅርታ ጠየቀች። የኔትወርክ ችግር ነው፣ ገመዱን የዘረጋው ባለሙያ እያየው ነው አለች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ከጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ፣ ጀርባው በላብ ርሷል። ይሄኔ ስድብ ጀመረ። "ገመድ መዘርጋት የማይችል ሰው..." ምናምን። እሱ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ይሰካል።

አንገቴን አስግጌ ታብሌቱን አየሁ። መሐሉ ላይ ብርቱካናማ ክብ ትሽከረከራለች።

እግዜር ያሳያችሁ... መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው! ክቤ! እዚህ ድረስ! ፎቶ ላነሳት ስልኬን ሁሉ አውጥቼ ነበር። ከዚያ ቆየሁ። አሁንም ትሽከረከራለች። ቆየሁ። ከኋላዋ "ተመዝግበዋል" የሚለው ጽሑፍ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ እሷ ግን "ቀጣይ" የሚለው ቁልፍ ላይ ተጎልታ አትነሳም። ሥራው አልቋል። እሷ ናት አልጠፋ ያለችው።

ገባኝ። ደብዝዛ እስክትጨርስ ጠብቃ ነው የምትሄደው። አሮጌዎቹ ታብሌቶች ላይ ግን ያ መደብዘዝ አይሠራም። ስለማትደበዝዝ አትጨርስም፣ ስለማትጨርስ አትሄድም። "መጥፋቷን በምን አወቅሽ?"

ማንም አያውቀኝም። ዝም ብል? ገመዱ ነው ተብሏል። ሰውዬው ይሰደባል፣ ማታ ቤቱ ይገባል። ነገ እኔ መድረክ ላይ ወጥቼ ስለዚችው ክብ አወራለሁ... ከዚያስ?

ከኋላዬ የሱፍ ኮፍያ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሴትዮ ነበሩ። ሰባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ለራሳቸው ያጉተመትማሉ፦ "ገመዱ ምን አደረገ? ክቧ ናት። ዓርብ ዕለት ሳታሳየኝ ለቀቀቻት።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጢማም ወጣት እኮ ነበር!

ፊት ያለው ልጅ ዞሮ ማን ናት እሷ? አላቸው። "ይቺ ሞኝ" ብሎ የሚሰድባት ሰው አግኝቶ ደስ ብሎታል። ሴትዮዋ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። "እኔ አውቃታለሁ። ጎበዝ ልጅ ናት። ቸኩላ ነው" አሉ።

ቢሰድቡኝ ተደብቄ እቀር ነበር። ይሄ ግን አንጀቴን በላው። እጄን አወጣሁ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ። አዘጋጇ ጋ ሄድኩና ገመዱ አይደለም፣ ክቧ ናት፣ ክቧ ደግሞ የኔ ናት አልኩ። ማይኩ ክፍት ነበር። ሦስት መቶ ሰው ሰማ።

ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሰውዬ ጭንቅላቱን ቀና ሲያደርግ ጠረጴዛው ገጨው።

መሬት ላይ ተቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሴትዮዋ ከዘራቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቁጭ አሉ። እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። "ስድስት ዓመት 'አንተ' ስትዪኝ ኖረሽ ዛሬ እናቴ ሆንኩ?" አሉኝ። ለካ አንዲት ነቁጥ የማታልፈው መቀስ 'አንተ' ማለቴን አንድ ቀን አላረመችውም። ፊቴ በርበሬ መሰለ። "አንቺ በዪኝ፣ ያስቸኩላል" አለችኝ።

መደብዘዙን የሚያስቀር አንድ መስመር ነበር። መልቀቂያውን ልጫን ስል እጄን ያዘችኝ። አሳዪኝ አለች። ሰልፉ ያጉረመርማል፣ አዘጋጇ ሰዓቷን ታያለች። እሷ መነጽሯን አወጣች፣ ጠረገች፣ አጠለቀች። አነበበች። እንደገና አነበበች። አንድ ሌላ ስህተት አገኘች! እሱን ባታይ ኖሮ ክቧ ከነጭራሹ አትመጣም ነበር።

ለቀቅናት። ጠፋች። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

የገመዱ ሰውዬ ጉልበቱን እያራገፈ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ ገመዴን የሚሰድብ ሰው አንቺ ጋ ይላካል" አለኝ። እሺ አልኩ። የተሰደብከውን ሁሉ እኔ ልሰደብ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ውሃ አምጥቶ ሰጠኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ያዘጋጀሁትን ሙሉ በሙሉ ጣልኩት። ርዕሱ ራሱ "መጠበቅን ማሳመር" ነበር፤ ትናንት ሰው ሁሉ አንድ ሰዓት ጠብቆ ማማሩን አይቷል። እንዲያ ብዬ ጀመርኩ። አዳራሹ ሳቀ።

ስለ አባዬ አወራሁ። ስለ ትንሿ መስታወት፣ ከጆሮዬ ኋላ ስለቀረችው ጭራ። ማንም ሰው የራሱን ማጅራት አያይም አልኩ። ስጨርስ ሰዎች መጥተው የየራሳቸውን ዓርብ ይነግሩኝ ጀመር። አንዱ የሆስፒታል ቀጠሮ ሁሉ ወደ እሑድ ቀይሮ ያውቃል። አንዷ አለቃዋን ከድርጅቱ ገጽ ሰርዛዋለች። ትናንት "ይቺ ሞኝ" ያለኝ ልጅም መጣ፣ እሱ የሠራው ከሁሉም ይብሳል፣ እዚህ አልጽፈውም።

መቀስ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። አላጨበጨበችም። ስትወጣ ሰባት ደቂቃ ይበቃው ነበር አለችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ድልድዩ!

መቀስ አብራኝ መጣች። ቦታውን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀን። ፖስተሩ ላይ ማማው በቀኝ ነው፤ እዚህ በግራ ሆነብኝ። ወንዙን ተሻግሬ ሞከርኩ፣ ማማው ከነጭራሹ ከዛፍ ኋላ ተደበቀ። ተመለስን። ወንዙም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይፈሳል። ሃያ ምናምን ዓመት ያለምኳት ከተማ ተገልብጣለች! ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

መቀስ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ትጠይቀኝ ጀመር፣ ልክ ሥራዬን ስታርም እንደምታደርገው። ፖስተሩ የተሰቀለው የት ነው? ከወንበሮቹ ኋላ። አንቺ የት ተቀምጠሽ ታዪው ነበር? ወንበሩ ላይ። ወደየት ዞረሽ? ወደ...

ወደ መስታወቱ።

ከዚያ እሷ ጀመረች፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ኮፍያዋ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔም ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። ግማሹ የእውነት እንባ ነው። ልጅ ሆኜ የተሻገርኩት ድልድይ የትም የለም ለካ... ይሄኛው ግን እግሬ ሥር ነበር፣ ሲረግጡት ይንቀጠቀጣል፣ የእርጥብ ብረት ሽታ አለው። ወደድኩት።

መጀመሪያ የቆምንበት ቦታ ልክ ነበር። ፎቶውን አነሳሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ወንበሬን ቀየሩልኝ። አሁን ደግሞ አይወርድም፤ እግሬ መሬት አይደርስም።

ከምሳ በፊት ፀጉር ቤት ሄድኩ። አባዬ ፎቶዬን ከፖስተሩ ጎን ሰቅሎታል። የመስታወቱን ነገር ስነግረው ሳቀ። ለካ ማታ ማታ ሲዘጋ እሱም እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚያየው። እሱም የሚያውቃት የተገለበጠችዋን ነው። "የሚቀጥለው ጊዜ አብረን እንሄዳለን፣ ቀኝና ግራውን ታሳዪኛለሽ" አለኝ። በሕይወቱ እሄዳለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እሺ አባዬ አልኩ። እንሄዳለን።

ቢሮ ተመልሼ አንዲት ትንሽ ለውጥ ጨረስኩ። መደብዘዙን መለስኩላት፤ ክቧ አሁን ባትደበዝዝም ትሄዳለች። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ ከዚያ ከባልደረባዬ አሮጌ ስልኩን ተውሼ እንደገና ሞከርኩ። ለመቀስ ላኩላት።

በሃያ ደቂቃ መለሰችው፦ "ከጆሮዋ ኋላ አንድ ጭራ ቀርታለች።"

ፈለግኩ። እውነትም ቀርታለች። ቆረጥኳት፣ መልሼ ላኩ። አሁን "ጥሩ ነው፣ ትነሳ" የሚል መልስ መጣ፣ ለመልቀቅም ጣቴ ቁልፉ ላይ ደረሰ።

ቆይ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?

ላፕቶፑን ዘጋሁት። ለሰኞ ትቆይ።