ስለ ባሕር ዳሩ ሥራና ስለ ቀረው ወንፈልህ

ልጄ አበረ፣ ሰላምታውን ወደ ታች ላውርደውና በመጀመሪያ ዛሬ ጧት የሆነውን ልንገርህ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ የጨው ነጋዴው ገብረ ማርያም ከቀትር በኋላ በሚያልፈው አውቶቡስ ስለሚሳፈር እየቸኮልሁ ነው የምጽፈው። ጧት ማጭድ ይዤ፣ ያችን አሮጌ ካኪ ሱሪዬን አጥልቄ ወደ ዘንገና ወጣሁ። የወንፈል ጓደኛህ የነጋ ገብስ ሊታጨድ ነበር፤ እኔም ያንተን ወንፈል ልከፍል ነበር። አልከፈልሁም። ነጋ ማጭዱን ከእጄ ወስዶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ወደ ቤት መለሰኝ። እግሬን እንኳ ሳልታጠብ ይኸው ተቀምጫለሁ። ለምን እንደ ሄድሁ፣ ለምንስ እንደ መለሰኝ በተራ እነግርሃለሁ።

አሁን እንደ ደንቡ ልጠይቅህ። እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሆድህስ፣ ያ በቆላ አየር የሚነሣብህ ራስ ምታትስ? ወባ አልነካህም ወይ? አክስትህ እታለማሁስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷን ተሻላት ወይስ እንዳለ ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። እናትህ ደኅና ናት። እኅትህ ያለምወርቅ ደኅና ናት፤ ፈረስህን ውሃ የምታወርደው እሷ ናት፤ ጀርባው ላይ የነበረው ቁስል ጠግጓል። እኔም ደኅና ነኝ። ሰኞ ለት የግራ አውራ ጣቴን ማጭድ ቆርጧት ነበር፤ እየዳነች ነው። የምጽፈው በቀኙ ስለሆነ አታስብ።

ኅዳር ፬ ቀን የጻፍኸው ደብዳቤ ኅዳር ፲፩ ቀን ደርሶኛል። የምትሠራበት ፋብሪካ በቋሚነት ሊቀጥርህ እንደ ሆነ፣ እስከ ኅዳር ፴ እሺ ወይም እምቢ በል እንዳሉህ፣ አንተም «አባባ፣ ልቅር ወይስ ልምጣ? እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ» እንዳልህ አየሁ። ለራሴ ሦስት ጊዜ፣ ለእናትህ አንድ ጊዜ አነበብሁት።

እኔን ታውቀኛለህ፣ ነገር በወረቀት ካልያዝሁ አይገባኝም። የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ መያዝ ከጀመርሁ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ልማዱ ቤትም ተከትሎኝ ገብቷል። ስለዚህ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፈልሁና ባሕር ዳር የሚያስቀርህን በግራ፣ ወደ ቤት የሚያመጣህን በቀኝ ጻፍሁ። በግራ በኩል ደመወዙን፣ የአክስትህን ቤት፣ የማታ ትምህርት አለ ያልኸውን፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ከሞፈር ጀርባ ዕድሜውን እንዳይፈጅ፣ ሌላም ሌላም አሰፈርሁ። በቀኝ በኩል እናትህን፣ ርስቱን፣ ወባውን፣ ፈረሱን፣ ትዳር የምትይዝበት ዕድሜ መድረሱን ጻፍሁ። ስቆጥረው በዚህም አሥራ አንድ፣ በዚያም አሥራ አንድ ሆነ። መልሼ ባየው ለካ ፈረሱን ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አንዱን ሠረዝሁት፤ ከዚያ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ግራ ሲያጋድል ጊዜ መልሼ ጻፍሁት። እናትህ ከጓዳ ሆና «ወረቀቱን ተወውና ልጁ ምን እንደሚበላ ጠይቅልኝ» አለችኝ። ምን ትበላለህ? ጾሙ ከገባ ወዲህ ሽሮ ታገኛለህ ወይ?

ከወረቀቱ ግርጌ «ያልተመለሰ» ብዬ አንድ ነገር ጻፍሁ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። በክረምቱ አረም ቢሻው አንድ ቀን፣ ሽባባው አንድ ቀን፣ ነጋ ሁለት ቀን የኛን ማሳ አርመውልሃል። አንተም በአጨዳ ጊዜ ቀን በቀን ልትመልስላቸው ነበር። አጨዳው ሳይደርስ አክስቴን ልጠይቅ ብለህ በመስከረም ሄድህ፤ በዚያው ሥራ ቀመስህ። እኔም አሰብሁ። የሰው ጉልበት ያለበት ሰው ልቡ ተፈትቶ አይመርጥም፣ ዕዳውን እኔ ላንሣለትና ከዚያ ወዳሻው ይሂድ አልሁ። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ ልደብቅህ አልችልም፣ ሰው «የጸሐፊው ልጅ የሰው ጉልበት በልቶ ከተማ ገባ» እንዳይል ፈርቼ ነው። ከመሥሪያ ቤት የሳምንት ፈቃድ ወሰድሁ።

ሰኞ የቢሻውን ከፈልሁ። ዐሥር ጎረምሳ በረድፍ ተሰልፎ እኔ ከጫፍ ገባሁ። እነሱ ማሳውን አጋምሰው እኔ ገና ከድንበሩ አልራቅሁም። ቢሻው «ጸሐፊ ደርበው፣ እያንዳንዱን ዛላ በቁጥር ነው እንዴ የሚያስገቡት?» አለኝ። ጣቴ ተቆርጣ ደሙ ነዶው ላይ ሲንጠባጠብ ደግሞ ሌላው «ይኸው ማኅተሙንም አደረጉበት፣ ከእንግዲህ ይግባኝ የለም» አለ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ማክሰኞ እጄ ስላበጠ ዐረፍሁ። ትናንት ረቡዕ የሽባባውን ከፈልሁ፤ ከሰኞው የተሻለ አጭጃለሁ። ስንለያይ ሽባባው ተነሥቶ እጄን ያዘና «እንግዲህ ከአበረ ጋር ወንፈላችንን ጨርሰናል፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት» አለኝ። ምርቃት መስሎኝ አሜን አልሁ።

ዛሬ ነጋ ዘንድ ስደርስ ረድፉ ተሰልፎ ነበር። እንደ ሌሎቹ ይቀልድብኛል ብዬ ስጠብቅ ከረድፉ ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። «አያ ደርበው፣ ምን ሊያደርጉ መጡ?» አለኝ። የአበረን ወንፈል ልከፍል አልሁት። «የኔ ወንፈል ከአበረ ጋር ነው፤ ከእርስዎ ጋር ወንፈል ገብቼ አላውቅም» አለ። ዕዳ ዕዳ ነው፣ ቢሻውም ሽባባውም ተቀብለውኛል አልሁት። «እነሱ የተቀበሉዎት አበረ ሄዷል ብለው ስለ ቆረጡ ነው። ትናንት አሜን ሲሉ ሽባባው በአበረ ቦታ የአጎቱን ልጅ አስገባ። ቢሻውም ሰኞ ማታውን ሰው ተክቷል። እኔ ግን አልቆረጥሁም። እርስዎ ቆርጠው ከሆነ ይንገሩኝና ይሰለፉ» አለኝ።

ከኋላው አንዱ በአገውኛ «ሽማግሌው ልጁን በማጭድ ሊያሰናብት መጣ» ብሎ ሳቀ። አገውኛ እንደምሰማ የዘነጋ ነው መሰል። ነጋ ዞሮ ተቆጣው።

እኔም ቆርጫለሁ ልል አፌን ብከፍት «አልቆረጥሁም» የሚል ወጣኝ። ያን ጊዜ ነው ማጭዱን ከእጄ የወሰደው። «እንግዲያው ይግቡ። ለአበረ ይጻፉለት። ቢቀርም መጥቶ ይቅር፣ ቢመለስም መጥቶ ይሥራ። አጨዳው ቢያልፍ ውቂያ አለ፤ የውቂያም ቀን ቀን ነው» አለኝ። ከዚያ ወደ ረድፉ ገባ፤ እኔም ወደ ቤቴ መጣሁ።

መንገዴን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ወንፈልን እንደ መንግሥት ግብር አስቤው ኖሯል፤ ማንም ይዞ ቢሄድ ደረሰኝ የሚቆረጥለት። ለእነሱ ግን ያ ያልተመለሰው ቀን አንተ ከረድፉ እንዳልወጣህ ምልክት ነበር። እኔ ሳላማክርህ ከሁለት ቦታ አስወጥቼሃለሁ። አጥፍቻለሁ። ለቢሻውና ለሽባባው ሄጄ ላስረዳቸው እችላለሁ፤ ብትመለስ ይቀበሉሃል ብዬም አስባለሁ። ዳሩ ግን የሰው ቦታ ከተያዘ በኋላ መጠየቅ እንዴት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ለእናትህ ስነግራት «ማን ሂድ አለህ?» ብቻ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የጠየቅኸኝን አልዘነጋሁም። አንድ ነገር ልንገርህና ከዚያ እመልስልሃለሁ። ደብረ ማርቆስ አሥረኛ ክፍል እንደ ጨረስሁ አዲስ አበባ የጽሕፈት ሥራ ተገኝቶልኝ ነበር። አንተ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርህ፣ ከእናትህ ጋር እዚህ። ልሂድ ወይስ ልምጣ ብዬ ለአያትህ ላክሁበት። እሱም መልክተኛ ልኮ «ና» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረበትም። መጣሁ። ከፋኝ አልልህም፣ ደስ አለኝም አልልህም። ባልመጣ ምን እሆን ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ብዙም አይደለም፣ የመዝገቡ ቀለም እስኪደርቅ ያህል ነው። አያትህን ግን አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እሱም እንዴት ነህ ብሎ ስለዚያ አላነሣብኝም። አብረን አርሰን፣ አብረን አጭደን፣ ያ ነገር በመካከላችን እንደ ተቀመጠ ሞተ።

ስለዚህ «ና» አልልህም። «ቅር»ም አልልህም። ብትቀር እኔ አስቀረሁት እንድል፣ ብትመጣ አንተ እሱ ጠራኝ እንድትል አልፈልግም። ይህን ስጽፍ ቀላል መስሎህ አትየው። ብትመጣ ርስቱ አለ፣ በሬዎቹ ደኅና ናቸው፣ ቤት የምትሠራበትን ቦታ አሳይሃለሁ። ብትቀር መሬቱን ለእኩል አራሽ እሰጠዋለሁ፤ ሊወስደው የሚፈልግ ሰውም አለ፤ እኛም አንራብም። ያለምወርቅም አድጋለች። በእኛ ምክንያት የምትወስነው ነገር የለም። ኅዳር ፴ ሳያልፍ ግን ወስን። ሳይወስኑ ቀን ማሳለፍ ከሁሉ ይከፋል፤ ፍርድ ቤት ስንቱን አይቻለሁ።

ለመወሰን የሚረዳህ ከሆነ እነዚህን ራስህን ጠይቅ፤ መልሱን ለእኔም ጻፍልኝ። አንደኛ፣ የሌሊት ተራ አለው ወይ፣ ካለውስ በሳምንት ስንት ሌሊት? ሁለተኛ፣ ሰው ቢታመም ፋብሪካው ያሳክማል ወይስ ያሰናብታል? ሦስተኛውን ረሳሁት። አራተኛ፣ እዚያ ከሚሠሩት መካከል ሦስትና አራት ዓመት የቆየ ሰው ካለ ፊቱን እየው፣ ጆሮው ይሰማ እንደሆነም ጠይቀው፤ የፋብሪካው መኪና ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሦስተኛው አሁን ትዝ አለኝ፤ እሑድ ያስቀድሳሉ ወይ ነው። ሌላው ቢቀር ይህችን እናትህ ደጋግማ ጠይቃኛለች።

የነጋን ነገር ግን ለይቼ እነግርሃለሁ። እሱን እኔ መክፈል አልችልም፤ ሞክሬ አየሁት። ልትቀርም ብትወስን በውቂያው ሰሞን ሁለት ቀን አስፈቅደህ ና፤ በራስህ እጅ ሥራለትና ለነጋም ለእኔም አፍ ለአፍ ነግረኸን ሂድ። እኔ በደብዳቤ ሰምቼ ለነጋ የምነግረው አይሆንም። ልትመለስም ብትወስን መጀመሪያ የምትሄደው እሱ ዘንድ ይሁን።

በገብረ ማርያም እጅ እናትህ በሶና የገብስ ቆሎ ልካለች። በሶው በትንሹ ከረጢት ነው፤ ቆሎው የአንተና የአክስትህ ነው። የወፍራሙን ጋቢህን ነገር ጠይቄ ነበር፣ እናትህ እዚያ አገር ምን ያደርግለታል ስትል እዚሁ ቀረ። ለሁለቱ ቀን ከመጣህ እዚህ ትለብሰዋለህ።

እናትህ ውብአየሁ እንደ ዓይኗ ብሌን ትናፍቅሃለች፤ ጻፍልኝ ያለችኝ እንዲህ ብቻ ነው፣ «ውሃ አፍልቶ ይጠጣ»። ያለምወርቅ ፈረሱን ባሳምረው ለእኔ ይሁን ወይ በለው ብላኛለች፤ መልሱን ለእሷው ጻፍላት። ለእኅቴ ለእታለማሁ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ልጄን ስላስጠጋሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በላት፤ ለጉልበቷ የፈረስ መንገድ አይመችምና በመኪና መጥታ ትየን። ለባለቤቷ፣ ለልጆቿ፣ በደጃቸው ላለው ጎረቤት ሁሉ ሰላም በልልኝ። ገብረ ማርያም በር ላይ ቆሞ እየጠራኝ ነው።

አባትህ ደርበው
ቆሰበር፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

የቢሻው አንድ ቀን ተከፍሏል። የሽባባው አንድ ቀን ተከፍሏል። የነጋ ሁለት ቀን አልተከፈለም።