ያላስገባኋት ፕላኔት

ታኅሣሥ 28
ዛሬ መብራት አልጠፋም። ሥራው ያው ነው... የሩቅ ኮከብ ብርሃን በአየር ሲናወጥ፣ የቴሌስኮፑ መስታወት ደግሞ ቅርጹን እየቀያየረ ሲያቃናው በኮምፒውተር ማስመሰል። ባለፈው ወር ውጭ አገር ካለው ትልቁ ቴሌስኮፕ በመጣው ምስል ላይ ከኮከቡ አጠገብ አንዲት ነጥብ ታየች። መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ፕላኔት ናት ተባለ።
እማዬ ተራራው ላይ ላለችው ለአሸተን ማርያም የተሳለችውን ባለዘርፍ ጃንጥላ አሰፍታ ጨረሰች። "የልጄ ልፋት ፍሬ ካፈራ ብዬ ነበር። ይኸው ሰማችኝ።" ደስ አለኝ።

ጥር 4
ለሙከራ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፕላኔት የሌለበት ሰማይ አስገባሁ። ኮከቡ ብቻ። ውጤቱ ላይ ነጥብ አለች። ያው ቦታ ላይ።
የሆነ ነገር ተሳስቼ ይሆናል።

ጥር 5
ነፋሱን ቀየርኩ። አለች። ኮከቡን ቀየርኩ። አለች።
መስታወቱ ራሱ ሲያቃና የሚተወው ብርሃን ነው እንዴ? እንዲያ ከሆነ ፕላኔት የሚባል ነገር የለም።

ጥር 9
አዲስ አበባ ላለው አለቃዬ፣ ለዶክተር አባስ ደውዬ ነገርኩት።
"ለማን ነገርሽ?"
"ለማንም።"
"ጎበዝ። የግኝቱ መግለጫ ይውጣና እናየዋለን።"
ጎበዝ ሲለኝ ለምን ደነገጥኩ?

ጥር 15
ስለቱ ለከርሞ ይቆይ አልኳት እማዬን። አፈጠጠችብኝ።
"ኧረ አንቺ ልጅ! የሰጠችኝን ማርያም ላስጠብቃት?"
ልነግራት ስል አጎቴ ከፋለ ገባ። አስጎብኚ ነው፤ ለእንግዳው ሁሉ "የልጃችን ኮከብ" እያለ ያወራል። ኮከብ አይደለችም፣ ፕላኔት ናት ብዬ አረምኩት።
ያረምኩት እሱን ብቻ ነው።

ጥር 20
መግለጫው ነገ ነው። ፕላኔት እንደሌለች ለምርምር ቡድኑ ሁሉ ኢሜይል ጻፍኩ። አልላክሁትም... ከነገው የማርያም ክብረ በዓል በኋላ።

ጥር 21
አሸተን ወጣን። ሕዝቡ ጉድ ነው። አባ ወልደ ሩፋኤል ጃንጥላውን ተቀብለው እማዬን ፊት አቆሟት። "እመቤታችን ይችን እናት ሰማቻት። ልጇ አዲስ ዓለም አገኘች!" እልልታው ቀለጠ። እማዬ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። እኔን ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል።
እዚያው ቆሜ፣ ስልኬን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ፣ ኢሜይሉን አጠፋሁት።
ስንወርድ መሸብን። ኮከቦች መውጣት ጀምረዋል። እማዬ ቆመች።
"በየት በኩል ናት? አሳይኝ እስቲ።"
ምንም ወደሌለበት ጣቴን ቀሰርኩ። ቀና ብላ ቆየች። ከዚያ አማተበች።
"አየኋት" አለች።