ዋዜማው ከላይ የተጻፈበት ወረቀት

ለውድ ወንድሜ ለይግዛው ገብረ ኪዳን፤

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የዚያ አገር ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ባለፈው የነገርከኝ ሳልስ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እያንገላታህ ነው? እኛ ካንተ ሐሳብ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። እማማ ደኅና ናት፤ አባባም ደኅና ናቸው፤ ባለቤቴ ገላውም ልጄ ባንቺዓለምም በጣም ደኅና ናቸው። ያቺ በሄድክ ቁጥር ትረግጥህ የነበረችው የእማማ ላም እንኳ ደኅና ናት።

ደብዳቤህ በጥር መጨረሻ ሞጣ ደረሰኝ። ትምህርት ቤት በዕረፍት ሰዓት ከፍቼ አነበብኩትና በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። የሠራኸው ሥራ ሁሉ ተገልብጦ እንደ ወጣ፣ እስከ እነሱ ፋሲካ ድረስ ምክንያቱን ካላገኘህ ትምህርትህን አቋርጠህ እንድትመለስ ፕሮፌሰሩ እንደ ነገሩህ፣ አንተም ተስፋ ቆርጠህ ጓዝህን መሸካከፍ እንደ ጀመርክ ጽፈሃል። ይግዛው፣ ጓዝህን ፍታ። ይህን ደብዳቤ አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ አንዲት ካልሲ እንኳ እንዳትጠቀልል።

መጀመሪያ ነገሩ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልንገርህ፤ የሳይንስ አስተማሪ መሆኔን እየረሳህ እንደ ሕፃን ስለምታስረዳኝ። ሳተላይቱ ምድርን ሲዞር ፀሐይ ከምድር ጠርዝ ብቅ ስትልና ስትጠልቅ ያያታል። በዚያች ደቂቃ ብርሃኗ የላይኛውን አየር አቋርጦ ነው የሚደርሰው። እዚያ ያለው ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ከብርሃኑ ጥቂቱን ውጦ ያስቀረዋል፤ የጎደለው ብርሃን ሲለካ የጋዙ መጠን ይታወቃል። ይህ ጋዝ ከፀሐይ ቃጠሎ የሚጋርደንን ኦዞን ስለሚበላ ልኩን ማወቅ የዋዛ ነገር አይደለም። ቀን ፀሐይዋ ከሌላ ውሁድ እየፈታች ስለምትለቀው ማታ ይበዛል፤ ሌሊቱን መልሶ ስለሚታሰር ጠዋት ያንሳል። ያንተ ቁጥር ግን ጠዋት በዝቶ፣ ማታ አንሶ ወጣ። መሣሪያው ተፈትሾ ደኅና ሲሆን ጊዜ ጣቱ ሁሉ ወዳንተ ዞረ። ተሳሳትኩ?

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ጤፍ በጫነ መኪና ተሳፍሬ ቢቸና ሄድኩ። ጭንቀቴን ለእማማ ላካፍላት ነበር እንጂ ለአባባ የመናገር ሐሳብ አልነበረኝም። የእሳቸውን ነገር ታውቀዋለህ። የበዓላቱንና የአጽዋማቱን ቁጥር፣ ያን የሚወዱትን ባሕረ ሐሳብ፣ ከእሳቸው ዘንድ እየተማርክ ሳለ ለአስኳላ ብለህ ጥለህ ከሄድክ ወዲህ ስለ ሥራህ አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። አንተም ከባሕር ማዶ ከተሻገርክ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ደብዳቤ አልጻፍክላቸውም፤ በእኔ ደብዳቤ ጫፍ ላይ «አባባን ሰላም በይልኝ» ማለት ብቻ ነው። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ግትሮች ናችሁ።

ደብዳቤህን ለእማማ ሳነብላት አባባ ከቤተ ክርስቲያን መጡ። መቋሚያቸውን ማስቀመጫ የጠፋቸው መስለው በሩ አጠገብ ቆመው አዳመጡን። ስጨርስ ወረቀቱን እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ደብዳቤውን መስሎኝ ስዘረጋላቸው «እሱን አይደለም፤ ቁጥር ያለበትን» አሉ። ከማስታወሻ ደብተርህ ቀድደህ የላክልኝን ገጽ ሰጠኋቸው። በየቀኑ ሥር ሁለት ሁለት መስመር ነው፤ በሁለቱም ላይ «12 ሰዓት» ብለህ ከጎኑ የጋዙን ልክ ጽፈሃል። ጠዋት ወይም ማታ የሚል ቃል ግን የለበትም። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

ጣታቸው የአምናው ጥር 11 ላይ ቆመ። በላይኛው መስመር ጠርዝ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት «አሁን ቢቸና ታቦት ወርዷል» ብለህ ነበር። ታቦት የሚወርደው መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። በከተራ፣ ጥር 10 ወደ ማታ ነው አልኳቸው። «ታዲያ የአሥርን ማታ ለምን በአሥራ አንድ ሥር፣ ያውም ከላይ ጻፈው?» አሉ። «እኔ ያስተማርኩት ነዋ። ቀን የሚጀምረው ከዋዜማው ነው» ብለው ራሳቸው መለሱ። ከዚያ ይህን ወደ ኮምፒዩተሩ ያስገባው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ቢሮ ውስጥ ያለች አንዲት ልጅ ከደብተርህ እያየች እንዳስገባችው አንተው ጽፈህልኛልና ነገርኳቸው። «ዋዜማ ታውቃለች?» አሉ። ከየት አውቃ አልኳቸው። «እንግዲያው ከላይ ያለው የጠዋት መስሏት የልጄን ማታ ጠዋት አድርጋዋለች» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያን ወረቀት ሳገላብጥ ምንም አልታየኝም ነበር፤ አፈርኩ። ያም ሆኖ የአስተማሪ ነገር ነውና በቃል ብቻ አላመንኩም። ሰኞ ሞጣ እንደ ተመለስኩ ተማሪዎቹ ሲወጡ ገጹን በሙሉ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። የላይኛውን መስመር ሁሉ ማታ፣ የታችኛውን ሁሉ የማግሥቱ ጠዋት አደረግሁ። ገጹ ላይ ሃያ አራት ቀን አለ። በሃያ ሦስቱ ማታው በለጠ፤ በአንዱ እኩል ሆነ። የእኩሉን ምክንያት አንተ ፈልግ፤ ለአንተም የሚሠራ ሥራ ይቅርልህ ብዬ ነው።

አሁን የምታደርገውን ስማኝ። መጀመሪያ፣ ቁጥሩን ወደ ደብተርህ የቀዳህበት የሳተላይቱ ዋና ዝርዝር እዚያው ስላለ ጥር 11ን ብቻ ከእሱ ጋር አመሳክር። ከዚያ በእግርህ ወደ ፕሮፌሰሩ ሂድና ስህተቱ የራስህ መሆኑን ተናገር። በልጅቱ እንዳታሳብብ፤ እሷ ያየችውን ነው የጻፈችው። ሁለት 12 ሰዓት ጽፈህ የቱ የቱ እንደሆነ ሳትለይ የሰጠሃት አንተ ነህ። እፍረቱ ግማሽ ቀን ቢቆይ ነው፤ ሥራህ ግን ትክክል ነው። እኔ በዚህ አንዳች ጥርጣሬ የለኝም። ደብዳቤው በጊዜ እንዲደርስህ የገላው ባልደረባ ሙሉአለም ነገ አዲስ አበባ ስለሚሄድ በአስቸኳይ ፖስታ ይልክልኛል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከቢቸና ስመለስ አባባ እስከ መኪናው ድረስ ሸኙኝ፤ እንዲህ አድርገው አያውቁም። መኪናው ሊነሣ ሲል ያ ሳተላይት በቢቸና ላይ የሚያልፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሳያልፍ አይቀርም አልኳቸው። በስንት ሰዓት ሲሉኝ ግን አላወቅሁም። መልሱን የምታውቀው አንተ ነህና ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ጻፍላቸው። ሰዓቱንም ስትጽፍ እባክህ ማታ ወይም ጠዋት ብለህ ጻፍ።

እማማ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ እያለች ሰላም ትልሃለች። ገላው ሳልህን አትናቅ ብሎሃል። ባንቺዓለም ፊደል ጨርሳ ዳዊት ጀምራለችና አጎቴን ሰላም በይልኝ ብላለች። ጎረቤታችን ይርገዱም እንደምን ነህ ትልሃለች።

አባባም ሰላም ብለውሃል። ይግዛው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በየደብዳቤው «አባባ ሰላም ይሉሃል» እያልኩ የጻፍኩልህ ሁሉ ከራሴ ነበር፤ ሆድህ እንዳይባባ ብዬ ነው። የዛሬውን ግን ራሳቸው ናቸው የላኩት።

እኅትህ ይርጋነሽ ገብረ ኪዳን

ሞጣ፣ እሑድ የካቲት 16 ቀን 1978 ዓ.ም.