የሰላማዊት ኮቶሌት በእናቷ እጅ

ደሳለች ወዳጄ፣ እንዴት ከረምሽ? የደብረ ታቦር ብርድ አጥንት ይገባል፤ ሁለተኛ የናዝሬታችንን ሙቀት አላማም። የእህቴን ልጅ የሰላማዊትን ሙት ዓመት እሑድ አሰብን። ሰላማዊት በበዓል ለእናቷ የምትሠራው ምግብ ነበር፤ እኛ በምንሠራበት ሆቴል ቤት ኮቶሌት የምንለው በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የሚጠበስ ሥጋ፣ ከነነጭ የወተት ስጎው። እህቴ ፈንታነሽ ልጇ ካረፈች ወዲህ ሥጋ የሚባል በአፏ አልዞረም። ትናንት ግን ራሷ ተነሥታ ሥጋውን በቀጭኑ ሸነሸነች፣ እንቁላል ውስጥ ነከረችው፣ የዳቦ ፍርፋሪ ብታጣ ድርቆሽ ወቅጣ እሱ ላይ አንከባለለችው።

«ኧረ እታለም፣ እንጀራ እኮ ይኮመጥጣል!» ብላት፣

«አንቺ ስጎሽን አማስይ» አለችኝ።

ጠብሳ ስትጨርስ ልታጎርሰኝ እጇን ዘረጋች። «አንቺ ካልቀመስሽ አልቀምስም» ብዬ አፌን ዘጋሁ። እጇን መለሰች። ከዚያ ለራሷ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላመጠች።

«አልኮመጠጠም፤ ያንቺ ስጎ ነው ጨው ያነሰው» አለች።

ደሱዬ፣ ምግብ ጣመኝ አልጣመኝም ስትል ከዓመት በኋላ መስማቴ ነው። ሮጬ ጨው አመጣሁላት።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትሽን እጅ ንሺልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ፈንታነሽንም በጸሎትሽ አስቢያት።

ብርቱካን