ፍሊፐሩ ላይ ያለችው ግመል

ከሚሴ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአፍናን አባት ለጀሚል እንድሪስ፣
ሎጊያ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

ጤናህን አልጠይቅህም፤ ሙቀቱ እንዳከሳህ፣ ሳልህ ግን እንደተወህ አፍናን በስልክ ያየችውን ሁሉ ትነግረኛለች። እኛም አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ። በስልክ እንደሆነ እኔና አንተ ሰላምታውን ሳንጨርስ ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ከዚያ አንዳችን «ኔትወርኩ ነው» ብለን እንዘጋለን። ወረቀት ላይ ግን ከአፌ አትነጥቀኝም፤ እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለህ ትሰማኛለህ። ይህን ዕድል ቀድሞ ባገኘው ኖሮ መጽሐፍ እጽፍልህ ነበር።

ለአፍናን ያልካትን ሰምቻለሁ። «ከአረፋ በኋላ ለኒካሁ እመጣለሁ፣ ልጄን ድሬ በማግስቱ እመለሳለሁ» ብለሃታል። መምጣትህ ጥሩ ነው። አባት ልጁን በእጁ መዳር አለበት፤ እጮኛዋ ሪድዋንም ያንተን እጅ ጨብጦ ነው ኒካሁን ማሰር የሚፈልገው። እኔን የከነከነችኝ «በማግስቱ» የምትለዋ ናት። ለልጅህ ምንም አላልኳትም። ላንተም አሁን ምንም አልልህም፤ ወደ ወሬዬ ልለፍ።

ለሠርጉ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች የሚቀመጡበት ቦታ ስለጠበበን ከሻይ ቤቱ ጀርባ ያለውን መጋዘን ማጽዳት ነበረብን። ከሄድክ ጀምሮ፣ ይኸው ሁለት ዓመት፣ በሩን ከፍቼው አላውቅም። ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለህ፤ ፍሊፐርህን በሸራ ጠቅልለህ ያስገባኸው አንተው ነህ። ማሽኑ ተበላሽቶ ዝም ብሎ ቦታ ሲይዝብኝ በእሱ ጥግ ላይ ፍሪጅ ላስቀምጥ አልኩ፤ አንተ «ለእሱ ቦታ ከሌለ ለእኔም የለም» ብለህ ቦርሳህን አንጠልጥለህ ሄድክ። የማን ጥፋት እንደነበር አሁን አልመለስበትም። ያንተ ነበር።

እኔም ቁራሌው ይውሰደው ብዬ ጠራሁት። አትቆጣ፣ እስከ መጨረሻው አንብብ። ቁራሌው ሸራውን ገለጠ፣ ከላይ ያለውን መስታወት ቀና አድርጎ ወደ ውስጥ አየና «እማማ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ። ልጅ ነው፣ አይቶ አያውቅም። «መጫወቻ ነው» አልኩት። «ዘንጉን ስበህ ስትለቀው የብረት ኳሷ ሽቅብ ትወጣለች። ስትወርድ በነዚህ በሁለቱ ክንፎች እየመታህ ትመልሳታለህ፤ ካመለጠችህ አለቀልህ።» ይህን ስነግረው ያንተ ድምፅ ከአፌ የወጣ መሰለኝ፤ ለስንቱ መንገደኛ ስታስረዳ ሰምቼህ ኖሯል። ልጁ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ሰሌዳው ላይ ከተገጠሙት ፕላስቲኮች አንዱን ፈተግ ፈተግ አደረገው። ከእድፉ ሥር ቀይ ወጣ። ድልህ የመሰለ ቀይ።

እኔ እዚያ ማሽን አጠገብ ያን ሁሉ ዓመት ሻይ ሳመላልስ ቀይ ቀለም እንዳለው አላውቅም ነበር። ሁለመናው ቡናማ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ቁራሌውን የተቀደደ ጀሪካንና እግሩ የተሰበረ ወንበር አስይዤ ሸኘሁት። ከዚያ ወጣሁና ግድግዳ የምንጋራትን አሻን «ነይ፣ ሥራ አለን» ብዬ ጠራኋት።

አፍናን ከኛ ብልጥ ሆነች። «አንድም ነገር ሳይፈታ ፎቶ ይነሳ፤ የትኛው የት እንደነበር ኋላ ማን ያስታውሰናል?» አለች። ከላይም ከጎንም አነሳችው። ከዚያ እያንዳንዱን ፕላስቲክ እየፈታን ብሎኑን በፌስታል ቁራጭ ቋጥረን እዚያው ከፕላስቲኩ ጋር አሰርን። ሻይ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ሁሉ ተይዞ ደንበኞቼ ብርጭቆአቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲጠጡ ዋሉ። ማንም አላጉረመረመም፤ እንዲያውም እየተነሱ ሊያዩ ይመጡ ነበር።

እድፉን ልንገርህ። ከላይ አቧራ ነው፤ የአውራ ጎዳናው መኪና ሲያልፍ የሚያመጣው። ከሥሩ የሲጋራ ጭስ፤ ከሱም ሥር መብራት ሲጠፋ የምናበራው የኩራዝ ጥላሸት። ከሁሉም ሥር ደግሞ የሚያጣብቅ ነገር አለ። አሻ በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችና «ስኳር ነው» አለች። ወላሂ ቀመሰችው። እንግዲህ የኔው ሻይ ነው ማለት ነው፤ ኳሷ በተሰነቀረች ቁጥር መስታወቱን እያነሳ ስንቱ ሰው ጣቱን ሳይታጠብ ሲዳብሰው ኖሮ።

አሻ እንደ ድስት በአመድ ካልፈተግነው አለች። ሳላያት አንዷን ትንሽ ፕላስቲክ ገልብጣ በጀርባዋ በኩል ፈተገቻት፤ ቀለሙ ከአመዱ ጋር ተጠርጎ ወጣ። ሥዕሉ የተቀባው ከሥር በኩል እንደሆነ ያወቅነው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ብቻ። ላዩን እናጥባለን፤ ጀርባውን በራሰ ጥጥ ዳሰስ ብቻ። ቀለም የሌላቸውን፣ እነዚያን መስታወት የሚመስሉትን ትንንሽ ምሰሶዎች በጥርስ ሳሙና አሸናቸው፤ አሁን ፊትህን ታይባቸዋለህ። ከዳር ያለችው አንዲት ቢጫ ኮከብ ግን ግማሽ ሆናለች። ስታያት አሻን እንዳትናገራት፤ እስካሁን ያሳዝናታል።

ከጥፋት ሁሉ የሚያስቀው ደግሞ የኔ ነው። ፕላስቲኮቹ ከዕድሜ ብዛት ተጣመው ነበር፤ ጫፋቸው ሽቅብ ቀና ብሏል። «የከሚሴ ፀሐይ እያለ ምን ያስጨንቀኛል» ብዬ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ደርድሬ ድንጋይ ጫንኩባቸውና ጎረቤት ዱዓ ነበረ፣ ወደዚያ ሄድን። ስንመለስ ፕላስቲኮቹ ለስልሰው የቆርቆሮውን ቅርፅ ይዘው ጠበቁን። አንዱ ሸንተረር ሲወጣ አንዱ ሲወርድ፣ ልክ እንደ ጣሪያው። አሻ ስትደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድማታል፤ «ያ ረቢ፣ ኩን ማሊ? ይሄ ምንድነው?» አለችና አፏን ይዛ ቀረች። «ምን ይሆናል፣ ለፍሊፐሩ ጣሪያ ሠራንለት» አልኳት። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ሪድዋን መጥቶ አየና ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አብሽሩ፣ ያሞቀው ፀሐይ ራሱ ያቃናዋል። ጠፍጣፋ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ሁለት መስታወት ፈልጉልኝ» አለን። አንዱን ከቡፌው በር አወጣሁ። ሁለተኛውን ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቀኝ። እሺ፣ እነግርሃለሁ፤ የሠርጋችንን ፎቶ መስታወት ነው። ፕላስቲኮቹን በሁለቱ መሐል አድርገን ፀሐይ ላይ አዋልናቸው፤ አመሻሹ ላይ ጥላ ውስጥ እስኪቀዘቅዙ ሳንነካቸው ቆየን። ቀጥ ብለው ወጡ። ፎቶውን ግን እስካሁን መስታወቱን አልመለስኩለትም። ያለ መስታወት ሳየው አንተ ካሜራውን ትተህ ወደኔ ነው የምታየው፤ ነጸብራቁ ሸፍኖት ነው መሰለኝ፣ ቀድሞ ልብ ብዬው አላውቅም።

አሁን ወደ ግመሏ ልምጣ። ከሚሴ ውስጥ ባንተ ዕድሜ ያለ ሰው ሆኖ «ግመሏን መታት!» ብሎ ያልጮኸ የለም። መሐል ላይ ያለችው ትልቋ ፕላስቲክ፣ ኳሷ ስትነካት ደወል የምትደውለው። እኔ ግመል አትመስለኝም ባልኩህ ቁጥር «ከአሰብ በመኪናው ጭኖ ያመጣው አባቴ ግመል ናት ብሏል፤ አንቺ ከሱ ታውቂያለሽ?» ትለኝ ነበር። እሷን ለመጨረሻ አስቀምጬ ብቻዬን አጠብኳት። መጀመሪያ እግሯ ወጣ። እግሯ ክብ ነው። ሌላውም ክብ ነው። ግመል መቼም ጎማ የለውም። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ በር ወጣ፣ ቀጥሎ መሪ፣ መሪውን በአንድ እጁ የያዘ ሹፌር። መኪና ናት፣ ጀሚል። ጣሪያ የሌላት ሸጋ መኪና። አባትህ አላህ ይርሃማቸውና ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ነድተው፣ መኪናዋን ግመል ብለው አለፉ።

ሻኛዋስ ካልከኝ፣ ሻኛ ያልነው ሴት ናት። ቀይ ሻሽ አስራ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣለች፤ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ያን ሁሉ ዓመት ኳስ ስትወረውር የኖርከው እሷ ላይ ነው። አልተቀየመችህም፤ አሁንም ትስቃለች።

እሑድ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከሰንበቴ ገበያ የሚመለሱት ሰዎች ሻይ ቤቱን ሞልተውት ሳለ ሪድዋን ማሽኑን ሰካው። የተቃጠለውን ሽቦ አዲስ ጠምጥሞለታል፤ ለደረቁት ጎማዎች ምትክ ከባጃጅ ጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ ገጥሟል። ማሽኑ የቆመው ቀድሞ የነበረበት ጥግ ላይ ነው። ፍሪጁ በር አጠገብ ሄዷል፤ ለስላሳው እዚያም ይቀዘቅዛል። መብራቱ ከፕላስቲኮቹ ሥር ሲበራ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው ግድግዳው ላይ ሁሉ ፈሰሰ። አንድ የአፋር ሽማግሌ ሻዩን አስቀምጦ ተነሣና መዳፉን ብርሃኑ ላይ ዘረጋ፤ ቀለሙ እጁ ላይ ሲያርፍ ሳቀ። አሻ እልል አለች። እኔም ደስ አለኝ፣ ጀሚል። እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ እንደነበር ረስቻለሁ። ዞር ብዬ ልነግርህ ፈለግኩህ፤ አልነበርክም።

«በሉ፣ ኳሷን» አለ ሪድዋን። ኳሷ የለችም። መጋዘኑን አገላበጥነው፣ ሸራውን አራገፍነው፣ የማሽኑን ሆድ ዕቃ በእጃችን ዳሰስነው። ሪድዋን ከጋራዥ የኩሽኔታ ኳስ አመጣ፤ ትንሽ ሆና በክንፎቹ መሐል ሹልክ እያለች አስቸገረች። ሌላ አመጣ፤ ትልቅ ሆና መንገድ ላይ ተሰንቅራ ቀረች። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሲያይ አፍናን ሳቀችና «እማዬ፣ አባዬ ጋ ናት እኮ። በስልክ ሲያወራኝ በእጁ የሚያሽከረክራት ምን መስሎሽ ነው?» አለችኝ። እኔን የመሰለኝ ሙስበሃ፣ መቁጠሪያ ነበር። «በእጁ ያሽከረክራል ስትዪኝ ዚክር እያደረገ ነው ብዬ ነበር» አልኳት።

ጓዳ ገብቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ተቆጥቶ የሚሄድ ሰው ልብሱን ይይዛል። አንተ ጃኬትህን በር ኋላ እንደተሰቀለ ትተህ፣ ኳሷን ኪስህ ከትተህ ሄድክ። ጃኬቱን ባየሁ ቁጥር «ምን ያህል ልቡ ቢቆርጥ ነው» እል ነበር። ለካ የማየው ትተህ የሄድከውን እንጂ ይዘህ የሄድከውን አልነበረም።

ሰፈሩ ሽማግሌ ልኮ ሊያስታርቀን ፈልጎ ነበር። «ቆዩ፣ እኔ የምልካት ሴት አለች» አልኳቸው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የሚኒባስ ሹፌር በቀይ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥሃል። ቀስ ብለህ ፍታው፤ ግመልህ ናት። ሁለቱ ብሎኖቿ እዚህ የስኒ ማስቀመጫ ላይ ናቸው፤ ቦታዋ ክፍት ሆኖ አምፖሉ ብቻውን ነጭ ያበራል። ሪድዋን ልግጠማት ቢል እኔ ነኝ የከለከልኩት።

ለኒካሁ ስትመጣ እሷንም ኳሷንም ይዘህ ና። እሷን በእጅህ ግጠማት፤ ኳሷንም የመጀመሪያዋን አንተ ልቀቃት፣ ሰዉ ሁሉ እሱን ነው የሚጠብቀው። በማግስቱ መሄድህ ካልቀረ መንገዱን አልዘጋብህም። ኳሷን ግን አትወስዳትም፤ ማሽኑ ያለሷ አይሠራም። ባዶ እጅህን ሎጊያ ምን እንደምታደርገው እንግዲህ አስብበት።

አላህ መንገድህን ከክፉ ይጠብቅልህ፤ ሙቀቱን ያቅልልህ፤ የልጃችንን ትዳር የሳቅና የሪዝቅ ቤት ያድርግላት፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነን አሚን የምንልበትን ቀን ያምጣልን። አሻም ሰላም ብላሃለች። ጃኬትህን አጥቤዋለሁ፤ እዚያው በር ኋላ ነው።

የአፍናን እናት
ሰዓዲያ